ውሃው የመጣ ዕለት

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ጠብታ ጨምሬበት ከሆነ ብዕሬ ይድረቅ፣ ምላሴ ይተሳሰር፣ አንባቢዎቼም በመንገድ ስታገኙኝ ፊታችሁን አዙሩብኝ። ደግሞ በፍቅር ነገር እኔ ምን ቆርጦኝ እዋሻለሁ? በዕድሜዬ ያየሁት ፍቅር ለሦስት ሰው ይበቃል። ያስታረቅኳቸው ባልና ሚስቶች ቢሰለፉ የሰልፉ ጫፍ አይታይም። እንዲህ ያለውን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት፤ የሰማሁትም ከባለቤቱ አፍ ነው።

የታሪኩ ባለቤት መካኒክ ነው። ሰው ሁሉ «ጆሮ» ይለዋል። ጆሮው ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ ማሽን አዳማጭ ስለሆነ ነው። ሦስት ሰፈር ርቆ የሚያልፍ መኪና ሰምቶ «የዚያ ሰውዬ ሞተር ነገን አያይም» ካለ፣ አያይም። አንድ ጊዜ እንዲያውም የጎረቤት ማቀዝቀዣ ሊበላሽ ሁለት ቀን ሲቀረው ድምፁ ቀስቅሶት ከእንቅልፉ ተነስቷል ይባላል። «ይባላል» ያልኩት ለትሕትና ነው እንጂ ተነስቷል።

ይህ ሰው የሚሠራው የበጎ ፈቃድ ሠልጣኞች ባሕር ማዶ ከመላካቸው በፊት ስድስት ሳምንት በሚከርሙበት ግቢ ነበር። ግቢው ድሮ የጥጥ መጋዘን ነበር፤ አሁን አሥራ ሁለት የብረት አልጋ፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳና በሩ የማይገጥም መታጠቢያ ቤት አለው። ሠልጣኞቹ ጠዋት ቁስል ማሰር፣ በብርቱካን ላይ መርፌ መውጋት፣ የሦስት ዓመት ኑሮን ሃያ ኪሎ ሻንጣ ውስጥ መክተት ይማራሉ። ከሰዓት በኋላ ወደ ጆሮ መጠገኛ ቤት መጥተው የእጅ ውሃ ፓምፕ ይፈታሉ፣ ይገጥማሉ። የሚሄዱበት አገር ጎርፍ ጉድጓዱን ሁሉ አበላሽቶበታል፤ እያንዳንዳቸውም አንድ አንድ መንደር ብቻቸውን ይደርሳቸዋል። ስለዚህ ሕጉ ጥብቅ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ዓርብ የፓምፕ ፈተና አለ። ውሃ ያመጣ ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ይወጣል። ውሃ ያላመጣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ። ድጋሚ ብሎ ነገር የለም።

መጠገኛ ቤቱን ከዕቃ ግምጃ ቤቱ የሚለየው የሽቦ ወንፊት ነበር። ከወንፊቱ ወዲያ ብርድ ልብስና መፍቻ የሚያድሉት የጆሮ ታላቅ እህት ናቸው፤ እናት አባት ከሞቱ በኋላ ያሳደጉትም እሳቸው፣ እዚህ ሥራ ያስገቡትም እሳቸው። እሱ «እትዬ» ስለሚላቸው ግቢው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። ወሬ የማይወዱ ሴት ናቸው።

የዚያ ዓመት አሥራ ሁለተኛዋ ሠልጣኝ የዳኛ ልጅ ነበረች። ዳኛ ስል ሲያስሉ ብቻ በሦስት ከተማ ያለ ሌባ እጁን የሚሰጥላቸው ዳኛ ማለቴ ነው። ቤታቸው ክፍሉ ከመብዛቱ የተነሳ ሚስታቸው ለምሳ ሲፈልጓቸው ስልክ ይደውሉላቸው ነበር። ልጅቷ በገባች በማግስቱ ሠልጣኞቹ «ይግባኝ» የሚል ስም አወጡላት፤ የታዘዘችውን ሁሉ ስለምትከራከር።

«ይህን ቡሎን ወደ ቀኝ አጥብቂው» አላት ጆሮ በመጀመሪያው ቀን።

«ለምን ወደ ቀኝ፣ ጋሼ?»

«መጀመሪያ ነገር ጋሼ አባትሽን በይ። እኔ ካንቺ ብበልጥ በአራት ዓመት ነው።»

«እሺ። ለምን ወደ ቀኝ፣ አንተ?»

«ወደ ግራ ስለሚፈታ።»

«እሱን ማን ወሰነ?»

ጆሮ በሰባት ዓመት ሥራው ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ቀና ብሎ አያት። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው፤ ቡሎኑን እያየ ቢመልስ ኖሮ እኔም ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ ሳታውቀው ግንባሯን ግራሶ ቀብታ፣ መልሱን ከልቧ ትጠብቅ ነበር።

«እኔ እንጃ» አለ።

ከወንፊቱ ወዲያ እትዬ የያዙትን ቆጠራ አቆሙ። ወንድማቸው ስለ ቡሎን «እኔ እንጃ» ሲል ሰምተው አያውቁማ። እሱም ራሱን ሰምቶ አያውቅም ነበር፤ ደነገጠ፣ ድንጋጤው ግን ደስ አለው።

በሦስተኛው ሳምንት የማዳመጥ ትምህርት ደረሰ። ጆሮ የረጅም ብረት ዘንግ አንዱን ጫፍ ፓምፑ ላይ አስደግፎ ሌላውን ጫፍ የሠልጣኙ ጆሮ ላይ ያደርጋል። አሥራ አንዱ «ይንኳኳል»፣ «ይጮሃል» እያሉ አለፉ። ይግባኝ ተራዋ ሲደርስ ዓይኗን ጨፈነች።

«አየር ያፏጫል» አለች።

«የት ጋ?»

«ታች። ጥርሱ የወለቀ ሽማግሌ ሲተነፍስ ይመስላል።»

«ጎሚኒው ነው» አለ ጆሮ፣ ኩራቱን መደበቅ አቅቶት። የብርጭቆ አፍ የምታህል ጥቁር ላስቲክ አንስቶ አሳያት። «ይህቺ ፒስተኑ ላይ ከሌለች ፓምፑ ያፏጫል እንጂ ውሃ አይስብም። እስከ ነገ ብትወዘውዢው አንዲት ጠብታ አታገኚም።»

«ይህቺን ለምታህል ነገር?»

«ይህቺን ለምታህል።»

ዘንጉን አልለቀቀችም። እሱም አብሮ ለማዳመጥ ጎንበስ አለ፤ ጉንጩ ከጉንጯ ሁለት ጣት ያህል ቀረ። ያን ጊዜ የሰማው የፓምፑን ድምፅ አልነበረም። የራሱን ልብ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት መፍቻዎች እስኪንቀጫቀጩ ይመታ ነበር፤ ሁለቱ እንዲያውም ወድቀዋል።

«ሰውንም እንዲህ ታዳምጣለህ?» አለች በሹክሹክታ።

«ሰው ቡሎን የለውም።»

«አለው። ቦታው ነው የሚጠፋባችሁ።»

ከዚያ ወዲያ ይግባኝ ከሰዓቷ ቀድማ መምጣት ጀመረች። አንድ ቀን ጓንት ረሳሁ ትላለች፣ አንድ ቀን ማስታወሻ ደብተር፤ እጇን እንኳ የምትረሳበት ቀን ሩቅ አልነበረም። እሱ ደግሞ በቀን አሥራ አራት ጊዜ እጁን ይታጠብ ጀመር። ሠልጣኞቹ «ጆሮ፣ የሳሙና ሱቅ ልትከፍት ነው እንዴ?» እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጡት። አንድ ከሰዓት ፓምፑን እያበሰች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ እንዲህ አለችው፦

«ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ የምፈልገው ይህን መንገድ ብቻ ነው። አባቴ ቤት ሁሉም ነገር ተወስኖ ነው የሚጠብቀኝ። የምማረው፣ የምለብሰው፣ የማገባው። ይሄ አንድ ነገር ብቻ የኔ ነው። አንድ።»

ጆሮ ራሱን ነቀነቀ። የተረዳት መሰለ፤ ተረድቷታልም። ያን ቀን እራቱን ሳይበላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የሚወዳት ሴት አንድ ነገር ብቻ እንዳላት ነግራዋለች፤ ያ አንድ ነገር እሱ አልነበረም።

በአምስተኛው ሳምንት እሑድ ዳኛው ሊጠይቋት መጡ። መኪናቸው ጥቁር፣ ከመንገዱ የሰፋ፣ ሲያልፍ ዛፍ እጅ የሚነሳው ዓይነት ነው። የግቢው በር ጋ ሲደርስ ግን ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ቀጥ አለ። ጆሮ ገና ከሩቅ ሰምቶት ስለነበር ሳይጠሩት መፍቻውን ይዞ ወጣ።

«አንተ ልጅ» አሉት ዳኛው፣ ፊቱን ሳያዩ። «እስቲ ምን እንደሆነ እይልኝ። ወንበሩን እንዳታቆሽሽ ብቻ።»

ይግባኝ ከአባቷ ጎን ቆማለች። በዚያ ሰሞን መዋደዳቸውን ተነጋግረው፣ ከሁለት ቀን በፊት ቃል ገብታለት ነበር፤ «እሑድ እጅህን ይዤ ነው አባቴ ፊት የማቆምህ» ብላ። ጆሮ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ጎንበስ እንዳለ ጠበቀ። ሥራው በሁለት ደቂቃ አልቋል፤ እሱ ግን የማያስፈልግ ቡሎን እያጠበቀ ቃሏን ጠበቀ።

«ማነው ይሄ?» አሉ ዳኛው። «ጎበዝ ይመስላል።»

ዝም አለች። ያ ዝምታ የቆየበትን ጊዜ ልንገራችሁ፦ እዚያ ጣሪያ ላይ የነበሩ ወፎች ጎጆ ጀምረው ጨርሰዋል።

«የግቢው መካኒክ ነው» አለች።

ውሸት አልተናገረችም። ጆሮም ክዳኑን ዘጋ፣ «ይነሳል፣ ጌታዬ» አለ፣ ሄደ። ውሸት ብትናገር ይሻለው ነበር፤ ውሸት ቢሆን ይቅር የሚለው ነገር ያገኝ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት ሌሎቹ ሳይመጡ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ዝም አልሽ» አላት፣ እጁን እየጠረገ።

«ብናገር በዚያው መኪና ጭኖኝ ይሄድ ነበር! አንተ አባቴን አታውቀውም።»

«እሳቸው ግን አወቁኝ። ወንበር የማቆሽሸው ልጅ ነኝ።»

«አምስት ቀን ነው የቀረኝ። አምስት ቀን ዝም ብል ምን አለበት?»

«አምስት ቀን ዝም ካልሽ ሦስት ዓመት ምን ልታወሪ ነው?»

መልስ አጣች። ያቺ ልጅ በሕይወቷ መልስ ያጣችው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ይህን አባቷም ይመሰክራሉ። ከዚያ ጠጋ አለችና የቱታውን ክንድ ያዘች።

«በቃ፣ ‹አትሂጂ› በለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ በለው። እቀራለሁ።»

ጆሮ አፉን ከፈተ። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር፤ ሁለት ቃል እንኳ አይሆንም። ግን «አንድ ነገር ብቻ የኔ ነው» ያለችው ትዝ አለው። እሷን እያዘዘ የሚያኖራት ሁለተኛ ዳኛ ሊሆንባት ነው እንዴ? አፉን ዘጋ።

«ፈተናው ዓርብ ነው» አለ። «ተለማመጂ።»

ክንዱን ለቀቀችው። መብራት የጠፋበት ቤት አይታችሁ ከሆነ ፊቷን አይታችኋል።

ዓርብ ይግባኝ የመጨረሻዋ ተፈታኝ ነበረች። አሥራ አንዱ ውሃ አምጥተው ግቢው ውስጥ ይጨፍራሉ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ሠልጣኙ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ፓምፑን ከጆንያ ላይ ለቃቅሞ ይገጥማል፣ ከዚያ ወደ ግቢው ይወጣል፣ የግቢው ኃላፊና መካኒኩ አገጣጠሙን ይመለከታሉ፣ ተጠርቶ ገብቶ ይወዘውዛል። ይግባኝ በሠላሳ አንድ ደቂቃ ጨርሳ፣ አንዴም ቀና ሳትል ወጣች። በዚያው ቅጽበት ቢሮ ስልክ ጮኸና ኃላፊው ሊያነሱ ሄዱ።

ጆሮ ብቻውን ቀረ። እጀታውን አንድ ጊዜ፣ በቀስታ፣ ገፋ።

አየር አፏጨ። ታች። ጥርሱ የወለቀ ሽማግሌ።

ጎሚኒው የለም! በሳምንት አሥር ጊዜ የገጠመችውን፣ በሦስተኛው ሳምንት በድምፁ የለየችውን ጎሚኒ ትታዋለች። ደንግጣ ነው አለ በልቡ። እኔ ነኝ ያስደነገጥኳት። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣ፣ ከበሩ ሳይሆን ከወለሉ ሥር እንደሚወጣ ዓይነት። ምንም አታድርግ። እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተትና ቁም። ውሃ አይመጣም፣ አውቶቡሱ ያለ እሷ ይሄዳል። አንተ አላስቀረሃትም፤ ፓምፑ ነው ያስቀራት። ማን ያውቃል?

ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ከራሱ ጋር ብቻውን የሚቀርበት ክፍል አለ፤ የጆሮ ክፍል ያቺ ናት። ግንባሩ ላይ ያለው ላብ መሬት ሲነካ ድምፁን ሰምቶታል። ቢሮ ውስጥ ኃላፊው «እሺ፣ እሺ» ማለት ጀምረዋል፤ ስልኩ ሊያልቅ ነው።

አራቱን ቡሎን ፈታ። እኔ ራሴ በኋላ ሞክሬው ግማሽ ቀን ወስዶብኛል፤ እሱ ዓይን ሳይጨፈን ጨረሰው። ከሳጥኑ መለዋወጫ ጎሚኒ አወጣ፣ ፒስተኑ ላይ አለበሰ፣ መልሶ አሰረ። የመጨረሻውን ቡሎን ሲያጠብቅ ከንፈሩን ነክሶ ደም አውጥቶታል። የሚያጠብቀው በገዛ ራሱ ላይ ነበር።

«ዝግጁ ነው?» አሉ ኃላፊው ሲመለሱ።

«ዝግጁ ነው።»

ይግባኝ ተጠርታ ገባች። ከንፈሯ ላይ ጆሮ ሊፈታው ያልቻለ ትንሽ ፈገግታ ነበር። እጀታውን ያዘች። አንድ። ሁለት። በሦስተኛው ውሃው ገንፍሎ ወጣ፤ ጣሪያውን መታ፣ ኃላፊውን ከነመነጽራቸው አጠበ፣ በር ላይ የነበሩት አሥራ አንዱ እልል አሉ። እሷ ብቻ ዝም። ፈገግታዋ ከውሃው ጋር ወርዶ አለቀ። ቀስ ብላ ወደ ጆሮ ዞረች። ደስታ አፍ አስይዟት ነው ብሎ አሰበ፤ ሊያምነው የቻለው ሌላ ነገር አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ በር ላይ ቆመ። ጆሮ ከነቱታው፣ እጁን ታጥቦ፣ ተሰናባቾቹ መሃል ነበር። ወጥታ ከእሱ ራቅ ባለው መስኮት ተቀመጠች። ፀጉሯን ብቻ ነው ያየው። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እንኳ አልዞረችም። «ጥላኝ ሄደች» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

መጠገኛ ቤት ገብቶ ሳጥኑን ሲከፍት፣ መፍቻዎቹ ላይ የታጠፈ ወረቀት አገኘ። እኔ ይህን ወረቀት በእጄ ይዤዋለሁ፤ ጠርዙ ላይ የግራሶ ጣት አለበት። ቃል በቃል እነሆ፦

«ጎሚኒውን ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ካልሲዬ ውስጥ ደብቄው ወጣሁ። ‹አትሂጂ› ማለት አፍህን ስላቃተው ለእጅህ ልተውለት ብዬ ነው። ምንም እንድታደርግ አልጠየቅኩህም፤ ዝም ብለህ እንድትቆም ብቻ። ዝም ማለት ደግሞ ትችልበታለህ። ውሃው ሲመጣ በገዛ እጅህ እንደሸኘኸኝ ገባኝ። እሺ፣ እሄዳለሁ። ግን አንድ ነገር ብቻ የኔ ነው ያልኩህ ጊዜ ገና አላወቅኩህም ነበር።»

ጆሮ ሮጠ። አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ሮጠ። ሹፌሩ በመስታወት አይቶት «ስፖርተኛ» ብሎ መንገድ ለቀቀለት። አቧራው ሸፈነው፤ ከዚያ አቧራውም ሄደ። መንገድ ዳር ተንበርክኮ ጆሮውን መሬቱ ላይ ለጠፈ። የአውቶቡሱ ድምፅ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሲሄድ እስከ መጨረሻው ሰማው። እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ሰው ሌላው ሰው ድሮ ያጣውን ነገር ገና እያጣ ነው የሚቆየው። ሦስት ዓመት ጻፈላት፤ መልስ የለም። ሦስቱ ዓመት አለቀ፤ ሌላ ሦስት ጨመረች አሉ። ሌላም ሴት አላየም።

እኔ ምስክር የምፈራ ሰው አይደለሁም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጁ ከመስጠቴ በፊት ግቢው ድረስ ሄጄ፣ ግምጃ ቤቱ ውስጥ፣ ለእትዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ጆሮም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር፤ ደብዳቤው ጋ ስደርስ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። እኔም እንባዬን አላገድኩትም። እትዬ ብርድ ልብስ እያጠፉ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ውሃ አልመጣም» አሉ።

«ምን አሉኝ፣ እትዬ?»

«ያን ቀን ውሃ አልመጣም፣ የኔ ልጅ።» ድምፃቸው ከብርድ ልብሱ አይበልጥም ነበር። «ልጅቷ አሳምራ ነው የገጠመችው። እኔ በወንፊቱ አያት ነበር፤ አንድም አላጎደለችም። ኃላፊው ስልክ ሊያነሱ ሲሄዱ አራቱን ቡሎን ፈታ፤ እዚህ ላይ አልዋሸህም። ጎሚኒውን አውጥቶ ቱታው ኪስ ውስጥ ከተተው፣ መልሶ አሰረው።»

ወደ ጆሮ ዞርኩ። ይስቃል፣ ይቆጣል፣ «እትዬ ደግሞ!» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ጥፍሮቹን ያይ ነበር።

«ደብዳቤውስ?» አልኩ።

«ወረቀቱን ከኔ ነው የለመነው።»

ሌላ ብርድ ልብስ አነሱ። እኔም፣ ያ ሁሉ ምላሴ የት እንደገባ እንጃ፣ ለምን ያኔ አልተናገሩም ብዬ ልጠይቅ አሰብኩና በዓይኔ ብቻ ጠየቅኩ።

«ወንድሜ ነው» አሉ። «ትቀርለት ይሆናል ብዬ እኔም ዝም አልኩ። አባቷ በዚያው ከሰዓት መጥተው ወሰዷት። ባልም ሰጧት አሉ። እዚህ ግቢ ዳግም አልረገጠችም።»

የብርድ ልብሱን ጫፍ ከጫፍ አገናኙ።

«አርባ ጊዜ ወዘወዘችው። ከዚያ ኃላፊው ‹በቃሽ› ሲሏት፣ ሁለት እጆቿን ገለባብጣ ገለባብጣ አየቻቸው። የበደሏት እነሱ መስለዋት።»